የማይደወልለት ቁጥር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24 ቀን 2006

ዛሬ መስኮት ተሰጠኝ! እስካሁን ጓዳ ተቀምጬ ፎቶ ኮፒ ስደረድር ነበር። ከእንግዲህ ደንበኛ ፊት ለፊቴ፣ ታቢታ ከጎኔ፣ የአቶ ጉልላት መነጽር ከኋላዬ። አቶ ጉልላት የስልክ አገልግሎት ማዕከላችን ኃላፊ ናቸው። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ እሳቸው ከፈረሙልኝ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልፈረሙልኝ ደግሞ ዲፕሎማዬን ይዤ እንደገና ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ነው።

የእኔ መስኮት የታገዱ ቁጥሮች መስኮት ነው። ከውጭ አገር የሚመጣውን ጥሪ እየሰረቁ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሚያሳልፉ ሌቦች አሉ። እነሱን ለመያዝ አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ ሲስተሙ የእያንዳንዱን ቁጥር ጠባይ ይከታተላል። አንድ ቁጥር ለብዙ ሰው በአጭር በአጭሩ እየደወለ ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ለእሱ ደግሞ የሚደውልለት ከሌለ፣ ሲስተሙ “ይሄ ሰው አይደለም፣ የሌባ ማሽን ነው” ብሎ ይዘጋዋል። ማንም አያዘውም። ራሱ ያያል፣ ራሱ ይዘጋል። የእኔ ሥራ ለተዘጋበት ሰው “መመሪያ ነው” ማለት ነው።

ስለው እንዴት እንደሚያምርብኝ! ታቢታ “አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ” አለችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ቤት ውስጥ እኔና አባዬ ብቻ ቀረን። እማዬ እህቴን ልታርስ አዲስ አበባ ሄዳለች፤ እስከ እንቁጣጣሽ አትመለስም። አባዬ ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣውም በዚሁ ሰሞን ነው። ጡረታው ተስማምቶታል። ጠዋት ስወጣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እተወዋለሁ፤ ማታ ስመለስም እዚያው ነው። አንዳንድ ሰው ይታደላል።

ደግሞ ሹመትም አለው። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ቱላ ከተማ የሚኖር ልጁ ጋ ጠቅልሎ ስለገባ፣ ጠቅላላ ጉባኤው “ዘመኑ የሞባይል ነው” ብሎ አባዬን ለፋፊ አድርጎ መርጦታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ለአባል ሁሉ በተከታታይ ሦስት ሚስኮል ያደርጋል። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ “ለቅሶ አለ፣ ውጡ” ማለት ነው። ማንም አያነሳም፣ የማንም ሒሳብ አይቆጥርም። ሲሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በሠራተኛነቴ ያገኘሁት፣ በስሜ የተመዘገበ ትርፍ ቁጥር ነበረኝ። በወረፋ ከሚጉላላ ብዬ ነው።

የአባላቱን ስልክ ስጭንለት አመሸሁ። የእትዬ ብዙአየሁን ስጽፍ “በትልቁ ጻፊው፣ እሷን ቶሎ ማግኘት አለብኝ” አለ። ስልክ ላይ በትልቁ አይጻፍም ብዬ ባስረዳው አልገባውም።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ድካም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ስልኬ ካልተከፈተ እዚሁ አድራለሁ ብሎ ተቀመጠ። መመሪያ ነው አልኩት። እኔም ባጃጄን በሩ ላይ አቆማለሁ፣ የእኔም መመሪያ ነው አለኝ። በልቤ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን አልሳቀም። አቶ ጉልላት አይተዋል መሰለኝ። ይፈርማሉ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ጉድ! የዛሬዎቹን የታገዱ ቁጥሮች ስከፍት አንድ የማውቀው ቁጥር አየሁ። ከጎኑ የእኔ ሙሉ ስም።

ታቢታ አንገቷን አስግጋ አየችና “ማሂ፣ ሌባ ነሽ እንዴ?” አለች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። የመጀመሪያ እገዳ በባለቤቱ ማብራሪያ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት የአንድ አባል እናት አርፈው ነበርና “የዕድር ጥሪ ነው” ብዬ አስረድቼ አስከፈትኩ። ላቤ ግን ከሰዓት በኋላም አልደረቀም።

ማታ አባዬን “ስልክህ ዛሬ አስቸገረህ?” አልኩት።

“ጠዋት እምቢ ብሎ ነበር፤ ባትሪውን አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት፣ ተሻለው” አለ።

እኔ ነኝ ያሻልኩህ ልለው አሰብኩና ደስታውን ላለማበላሸት ተውኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ደግሞ ታገደ። በዚህ ሳምንት የሞተ ሰው የለም! ጋሽ ወልደጻድቅን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ጠዋት ዳቦ ቤት አግኝቻቸው “እግዜር ይመስገን፣ ድንኳኑ አርፏል” ብለውኛል።

ሁለተኛ እገዳ የሚነሳው በኃላፊ ነው። አቶ ጉልላት ጋ ገባሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ይህን ሲያደርጉ ሰው ይፈራል።

“በማን እጅ ነው ሲሙ?”

“በአባቴ።”

“አባትሽ ምን ይሠራሉ?”

“ጡረታ ላይ ናቸው።”

“ጡረተኛ ሰው በጠዋት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ምን ብሎ ይደውላል?”

እጠይቀዋለሁ አልኳቸው። ከፈቱልኝ። ግን ሲከፍቱልኝ “ማህሌት፣ ሦስተኛ ከታገደ ቁጥሩ ጨርሶ ይሰረዛል፤ ባለስሙም ተጠርጣሪ ተብሎ ይመዘገባል። ተጠርጣሪ የተባለን ሰው ቋሚ አድርጌ ልፈርም አልችልም። እኔም አለቃ አለኝ” አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለስንቱ “መመሪያ ነው” ስል ከረምኩ። ሲባሉት ሆድ ያባባል ለካ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

አባዬን አፋጠጥኩት።

“ሙከራ ነው” አለ።

“የምን ሙከራ?”

“መስመሩ ይሠራ እንደሆን ነዋ። እኔ ውሃ መሥሪያ ቤት ስሠራ መስመር ሳልፈትሽ ውዬ አላውቅም። ድንገት ሰው ቢሞትና ባይደርሳቸውስ?”

“በየቀኑ?”

“ውሃ በየቀኑ ይጠጣ የለ?”

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይባላል? ከእንግዲህ ሰው ካልሞተ በስተቀር ስልኩን እንዳይነካ ነገርኩት። ሥራዬ፣ እንጀራዬ፣ ስሜ እዚያ ሲም ላይ እንዳለ ነገርኩት። አስደነገጥኩት መሰለኝ። “እሺ ልጄ” አለና ስልኩን በመሐረብ ጠቅልሎ ቡፌው ላይ አስቀመጠው። ሊከራከረኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል አላልኩም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ትናንት ገብርኤል ነበር። ከተማው ሞልቶ፣ ኔትወርኩ ተጨናንቆ፣ ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ሁሉ የእኛ ማዕከል ደጃፍ ላይ። የጠፋ ስልክ፣ የተሰረቀ ስልክ፣ ሐይቅ ውስጥ የገባ ስልክ። አንዷ ስልኳን ፎቶ ስትነሳ ከጀልባ ጥላው “ቁጥሬ ግን አልሰመጠም አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ። አልሰመጠም እትዬ። ወደድኳት።

አባዬ ታቦት አልሸኘም። “እግሬን አመመኝ” አለኝ። ይረፍ።

አርብ፣ ሐምሌ 25

አባዬ ረጋ ብሏል። ማታ ስገባ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። መብራት መቆጠቡ መልካም ነው። እራትም ትንሽ ነው የሚበላው፤ በዚህ ዕድሜ ማታ መክበድ ጥሩ አይደለም።

እማዬ ደውላ “አባትሽ ምን ሆኗል?” አለችኝ።

“ምንም። አርፏል።”

“እሱ? ከተጋባን ጀምሮ አርፎ አይቼው አላውቅም።”

“ጡረታ ነዋ እማዬ።”

  የእህቴ ልጅ ከኋላ ሲያለቅስ ተሰማኝና በዚያው አመለጥኩ።

ቁጥሩ ግን አልታገደም። አቶ ጉልላት ዛሬ በኮሪደሩ ሲያልፉ “እንዴት ነው?” አሉኝ። “ሰላም ነው” አልኩ። እውነትም ሰላም ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጽፍ ነው፤ አለበለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሆኜ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። “ዛሬም አልቀሰቀሰንም” አለች አንዷ። “ልጆቹ እኮ ለክረምት ትምህርት አረፈዱብኝ” አለች ሁለተኛዋ። ዶሮ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ዞር ሲሉ ሁለቱም የእኛ ዕድር ሰዎች ናቸው። አዩኝና ወሬ ቀየሩ። ወሬ መቀየራቸው ነው የቆጠቆጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ ብዙአየሁ በራቸው ላይ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ብዙአየሁ ከእኛ ማዶ፣ ግንብ አጥር ያለበት ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው።

“ነይ እስቲ” አሉኝ። “አባትሽ ታሟል? እውነቱን ንገሪኝ።”

“አልታመመም እትዬ። ምነው?”

“ታዲያ ለምንድን ነው ጠዋት ጠዋት የማይደውለው?”

እንዲህ ነው ለካ ነገሩ። አባዬ ከተሾመ ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ለአባል ሁሉ አንዳንድ ሚስኮል ሲያደርግ ነበር የከረመው። ሦስት ለቅሶ ነው፤ አንድ ደግሞ “እንዴት አደራችሁ” ነው። ማንም አልወሰነውም፤ እሱ ጀመረው፣ ሰው ለመደው። ሰፈሩ በእሱ መነሳት ጀመረ። ብቻቸውን የሚኖሩት ደግሞ አንድ መልሰው ያደርጉለታል፤ “ደህና ነኝ” ማለት ነው።

“አንድ ቀን እኔ አልመለስኩለትም” አሉ እትዬ ብዙአየሁ። “ወጥ ቤት ወድቄ ስልኬ መኝታ ቤት ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ አጥር ዘሎ ገባ! በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ! ያነሳኝ እሱ ነው። አልነገረሽም?”

አልነገረኝም። በዚያ ሰሞን ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ አይቼ “እንዴት ነው የምትቀመጠው?” ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። እሱ ደግሞ “ልክ ነሽ” ብሎኛል።

የሠራሁትን አየሁ። ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ሲጠብቅ ነበር፤ እኔ ስልኩን በመሐረብ አስጠቀለልኩት። ሲስተሙስ አያውቀውም፣ ማሽን ነው። እኔ ምን ነካኝ? አንድ ቤት ነው የምንኖረው።

እትዬ ብዙአየሁ ስሰናበታቸው “ለአባትሽ ደህና ነች በይልኝ” አሉኝ። ማታ ነገርኩት። “ማን?” አለ። “እትዬ ብዙአየሁ፤ ደህና ነች በይልኝ ብለዋል” አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛ እራት ጠየቀኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ማልጄ አቶ ጉልላት ቢሮ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አጥሩንም ሳይቀር። ዕድራችን ማኅተም እንዳለው፣ ደንብ እንዳለው፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት የሚበልጥ ዕድሜ እንዳለው ጨምሬ።

መመሪያውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። “ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ለድርጅት ነው። ማመልከቻው ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። መልሱ ሲመጣ አንቺም ጡረታ ወጥተሻል” አሉ። ቀልደው አያውቁም፤ ደነገጥኩ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ።

“ስሚ። አስመጪዎች አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲደውሉ ይውላሉ፤ አይታገዱም። ለምን? ለእነሱም ስለሚደወል። ሲስተሙ የሚጠረጥረው ብዙ እየደወለ ማንም የማይደውልለትን ሰው ነው። እሱን አስቢበት።”

ሳስብበት ዋልኩ። ታቢታ ሁለት ጊዜ “ደንበኛ!” ብላ ጎሸመችኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

የዕድር ስብሰባ። ዝናቡ ስለዘነበ ድንኳን ማስቀመጫው ውስጥ፣ በወንበርና በድስት መካከል ተጠጋግተን። እኔ አባል አይደለሁም፤ ጋሽ ወልደጻድቅ “የቴክኒክ አስረጂ” ብለው አስገቡኝ። አባዬ ፊት ረድፍ ላይ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል፤ ምን ልናገር እንደሆነ አልነገርኩትም። ብነግረው ይከለክለኝ ነበር።

መመሪያውን አስረዳሁ። ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ።

“ቆይ ቆይ። ሰው እየደወለ ሰው ካልደወለለት ማሽን ነው ነው የሚሉት?”

“እንደሱ ነው።”

“ታዲያ ልጆቼ እኔን ማሽን አድርገውኛላ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነበር።

መፍትሔው ቀላል መሆኑን ነገርኳቸው። ለአባዬ ይደወል። ሚስኮል ግን አይበቃም፤ ተነስቶ፣ ትንሽ ተወርቶ መሆን አለበት። ከኋላ “ሒሳብ አይበላም?” የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው “ምን ብለን ነው የምናወራው?” አለ። “ስለ ውሃ ጠይቀው፣ አንድ ወር ይበቃሃል” አለ ሦስተኛው።

ያኔ አባዬ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል።

“እኔ ልመና ላይ አይደለሁም” አለ። “በግዴታ የሚደወል ስልክ ምን ያደርግልኛል? ይቅር። ጥሩምባውን አምጡልኝ፣ እነፋለሁ።”

 ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ብዙአየሁ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

“ለቅሶስ የምንመጣው በግዴታ አይደለም?” አሉ። “የቀረ ይቀጣል፤ ደንቡ ነው። ቅጣቱን ፈርተን እንመጣለን። ከመጣን በኋላ ግን ማልቀሳችን የራሳችን ነው። ተቀመጥ አንተ።”

ተቀመጠ።

ዕድሩ እንግዲህ ደንብ ሲያወጣ የእኛን መሥሪያ ቤት ያስከነዳል። አባል ሁሉ በተራው ለለፋፊው ይደውላል፤ ተራውን ያሳለፈ ለቅሶ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። በእጅ ብልጫ እንኳ አልነበረም፤ በእልልታ ጸደቀ። በመመሪያ የመጣብንን በመመሪያ መለስን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። አባዬ ስልኩን ከመሐረቡ እየፈታ ነው። “ልደውል?” አለኝ። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ልጅ አየኝ። “ደውል” አልኩት። 

ሥራ ገብቼ መጀመሪያ የታገዱትን ከፈትኩ። የለም። በየሰዓቱ ከፈትኩ። የለም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

የለም። ታቢታ ለእኔ ብላ ጾም ጸሎት ይዣለሁ አለችኝ። ምሳዋን ግን በልታለች።

ማታ አባዬ በረንዳው ላይ የለም። ደነገጥኩ። ጓሮ ሆኖ ስለ ቧንቧ ማጠቢያ ለአንድ ሰው በስልክ ሲያስረዳ አገኘሁት። በእጁ “ቆይ” አለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ከበር ላይ ቢጮሁም አባዬ ስልክ ላይ ስለነበረ ሙልሙሉን እኔ ሰጠሁ። ከጋሽ ወልደጻድቅ ጋር ነው የሚያወራው። ተራቸው ትናንት ነበር። ዛሬ ምን ፈልገው ነው?

ቁጥሩ አልታገደም። ግን አቶ ጉልላት ሲያልፉ አያዩኝም። ለምን አያዩኝም? ነገር አለ። ስልኩ ውስጥ ሳይሆን እሳቸው ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ልጻፈው፣ ቶሎ ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ አቶ ጉልላት ጠሩኝ። ገባሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። 

“የአባትሽ ቁጥር እንደገና ሲስተሙ ላይ መጣ” አሉ።

“ታገደ?”

“ቁጭ በይ። አልታገደም። በጣም ብዙ ስለሚደወልለት ሲስተሙ የንግድ ድርጅት ነው ብሎ መድቦታል። ‘ውድ ደንበኛችን፣ ለድርጅትዎ አጭር ቁጥር ይፈልጋሉ?’ የሚል መልእክት ልኮላቸዋል። ምን ነግደው ነው ብለው ከአዲስ አበባ ጠየቁኝ።”

“ምን አሏቸው?”

“ሰላምታ አልኳቸው።” ከዚያ አንድ ወረቀት ገፉልኝ፤ ፊርማቸው ከታች አለ። ቋሚ ሆኛለሁ። ላቅፋቸው ቃጣኝ፣ ጠረጴዛው አዳነኝ።

ምሳ ሰዓት ከማዕከሉ ወጥቼ፣ ባህል አዳራሽ ጥግ ዝናብ ከማይደርስበት ቆሜ አባዬ ጋ ደወልኩ። ተይዟል። ደወልኩ። ተይዟል። ይዤ የመጣሁትን ዳቦ በላሁ፣ ደወልኩ፤ ተይዟል። ቤት ሄጄ ብነግረው ይቀላል ብዬ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ልከት ስል አንዴ ደግሜ ሞከርኩ፤ ጠራ።

“ሃሎ፣ ማን ልበል?”

“እኔ ነኝ አባዬ። ማህሌት።”

ድምፁ ተለወጠ። “ምን ሆንሽ? አመመሽ? የት ነሽ?”

“ምንም አልሆንኩም።”

“ሥራሽ ነው? ሲሙ ነው? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።”

ስለ ወረቀቱ ልነግረው ነበር የደወልኩት። እየነገርኩት ነበር ማለት ይቻላል፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጁ ስትደውል የመጀመሪያ ሐሳቡ መጥፎ ነገር መሆኑን ሰማሁ፤ እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ መሃል እየዋልኩ ዛሬ ገና መደወሌን ሰማሁ።

“ምንም የለም አባዬ። እንዲሁ ነው የደወልኩት።”

“እንዲሁ?”

“እንዲሁ። እንዴት ዋልክ ልልህ።”

 ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ዝናብ ከእሱ በኩል ይሁን ከእኔ በኩል አላወቅሁም። ከዚያ ወንበር ሲስብ ተሰማኝ፤ ተቀመጠ።

“እኔማ ምን ሆኜ፣ ደህና ነኝ” አለና ጀመረ። የእትዬ ብዙአየሁን እግር፣ የጋሽ ወልደጻድቅን ልጆች፣ የጓሮውን ቧንቧ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገረኝ። ከምሳ አርፍጄ ስገባ አቶ ጉልላት በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፤ አባቴ ጋ እየደወልኩ ነበር አልኳቸው፤ እሺ ግቢ አሉኝ።